ወለሉ ላይ ስትዋሽ

እናቴ ደብዳቤውን ከደረቷ አውጥታ ስትሰጠኝ ወረቀቱ ገና ይሞቅ ነበር።

«አንብቢልኝ» አለችኝ። «ቀስ ብለሽ፣ ድምፅሽን ሳታሰሚ።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። በሩን ቀርቅራ፣ መጋረጃውን ስባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰማያዊውን የፋብሪካ ጋዋን አላወለቀችም። ፀጉሯ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ፣ የጆሮዋ ጠርዝ ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ ነበረባት። ክር መፍተያ ክፍል የሚሠሩ ሴቶች ሁሉ ከሥራ ሲመለሱ ያለ ዕድሜያቸው የሸበቱ ይመስሉ ነበር።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም፤ እናቴ ለሁሉም ነግራ ጨርሳለች። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈው፣ የሬዲዮ ካርቶን ላይ የተጻፈው፣ ሁሉም ወደ እኔ ይመጣል። የማላውቀው ቃል ሲገጥመኝ ምን እንደማደርግ ግን ማንም አያውቅም። እገምታለሁ። ግምቴንም ሳላቅማማ፣ ጮክ ብዬ ስለምናገረው ሰው ያምነኛል።

የሆነውን ነገር የማውቀው በቁንጽሉ ነበር። ቅዳሜ ዕለት በሥራ ሰዓት እናቴ ማሽኗ አጠገብ ወለሉ ላይ ተገኘች። ተቆጣጣሪው «ተኝታ ነው» ብሎ ከሰሳት። በሥራ ላይ መተኛት ያስባርራል። እናቴ «አልተኛሁም» ትላለች፤ «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ቀድማ ደርሳ ያየቻት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የጎኗን ማሽን የምትይዘው እትዬ ፉጨት።

እትዬ ፉጨት ከእኛ ጋር አንድ ግድግዳ የምትካፈል ጎረቤት ናት። ስሙ የወጣላት በሥራ ቦታዋ ነው። በማሽኑ ጩኸት መሀል ሰው መጥራት ስትፈልግ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ስታፏጭ፣ ፋብሪካው ከዳር እስከ ዳር ዘወር ይላል ይባል ነበር። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የተነቃነቀ ጥርሴን በክር አስራ የነቀለችልኝም እሷ ናት። ከእናቴ ጋር አንድ የሚያበሽቀኝ ልማድ ነበራቸው፦ እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ድምፃቸውን አጥፍተው በከንፈራቸው ብቻ ያወሩ ነበር። የሰው ድምፅ በማይሰማበት ክፍል ውስጥ የተማሩት ነው።

በዚያ ሰሞን የከንፈር ወሬው በዝቶ ነበር። አንድ ቀን ከእትዬ ፉጨት አፍ «ሦስት ወር» የሚል ለቀምኩ። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበርና ሦስት ወር ሊቀር ነው ብዬ ለብቻዬ አለቀስኩ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ዞራ ስታስመልስ፣ በሥራ ቦታ የዋጠችው ጥጥ ነው አልኩ። እትዬ ፉጨት የእናቴን ጋዋን ከጎኑ ተርትራ ጨርቅ ስትጨምርበትም፣ እናቴ ዳቦ አብዝታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጅ ሲባል ዓይኑ ያያል፤ የሚደምረው ግን በራሱ ሒሳብ ነው።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው በገዛ ቋንቋችን ስለሆነ እናቴ ራሷ አንብባዋለች፦ ሐሙስ በአምስት ሰዓት ኮሚቴ ፊት ቅረቢ፣ እስከዚያው ከሥራ ታግደሻል፣ የምስክር ቃል ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሁለተኛው ገጽ የምስክሯ ቃል ነው። ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ስለነበር፣ እትዬ ፉጨት በአፏ የተናገረችውን ጸሐፊዋ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ነው የተየበችው። ከሥሩ የእትዬ ፉጨት የተንጋደደ ፊርማ አለ።

አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነበሩ።

«ወለሉ ላይ ዘይት ነበረ ይላል» አልኩ።

«የምን ዘይት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዘይት ነው የሚለው።»

ግንባሯ ተቋጠረ። «ደግሞ ዘይት ደፋች ሊሉኝ ነው? እሺ ቀጥዪ።»

ሁለተኛው ላይ «ስሊፕድ» የሚል ቃል ነበረ። እኔ የማውቀው ስሊፕ፣ ስሌፕት የሚለውን ነው፤ መተኛት። ጸሐፊዋ ፊደል የሳተች መሰለኝና በልቤ አረምኩላት።

«ተኛች ይላል።»

እናቴ የአልጋ ልብሱን ጨምድዳ ያዘች።

ሦስተኛው ላይ «ላዪንግ» አለ። ይህንንስ አሳምሬ አውቀዋለሁ! ባለፈው ሳምንት ነው የተማርነው። ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፦ ላይ፣ ላይድ፣ ላይድ፤ መዋሸት። በዕረፍት ሰዓት «ላይ ያለ ሁሉ ውሸታም ነው» እያልን ስንሳሳቅበት ነበር።

«በገባሁ ጊዜ ወለሉ ላይ ስትዋሽ ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ስትዋሽ ነበር። ወለሉ ላይ።»

የመጨረሻው ከሁሉም ባሰ። «ለአሥር ደቂቃ ያህል እዚያው» የሚለው ገባኝ፤ ዋናው ቃል ግን «ሌይ» ነው። የአባቴን ትንሽ መዝገበ ቃላት ከመሳቢያ አውጥቼ ገለጥኩ። ሌይ፦ እንቁላል መጣል። ጣቴን አሳርፌ ደግሜ አየሁት። እንቁላል መጣል። እናቴ ዶሮ አይደለችም።

«ምነው ዝም አልሽ? የከፋ ነገር ነው?»

«አላውቀውም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እናቴ በዚያ ሁሉንም ታውቂያለሽ በሚለው ዓይኗ እያየችኝ ነው። ስለዚህ የራሴን ጨመርኩ።

«ለአሥር ደቂቃ ሙሉ ዋሸች ይላል።»

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላኝ አራት ቦታ አጠፈችው። «እህቴ ብዬ» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለግድግዳው። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ፉጨት ዕቃ ስታጥብ ይሰማ ነበር።

ዛሬ እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። ፍርድ ቤት ቆሜ፣ እጄን አንስቼ ምዬ፣ የአንዱን ሰው ቃል ለሌላው አደርሳለሁ። አንዲት ቃል ካጠራጠረችኝ ዳኛውን አስቁሜ እጠይቃለሁ። ጓደኞቼ «ትዝብት አትፈሪም እንዴ?» ይሉኛል። የሚፈራው ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴና እትዬ ፉጨት የጋራ ቧንቧው ጋ ተገናኙ። ጄሪካን የያዙ ስድስት ሰባት ሴቶች ተሰልፈዋል። እትዬ ፉጨት እንደ ወትሮዋ «ደህና አደርሽ የኔ ቆንጆ» አለች። እናቴ ጄሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ተኝታ ነበር፣ ስትዋሽ ነበር ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ?»

«ዘይትም ጨምረሽበታል።»

እትዬ ፉጨት ወደ ሴቶቹ አየች፤ ወደ እናቴ አየች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመረ። እናቴ ፊቷን አዞረችባት።

«በአፍሽ ተናገሪ! ዛሬስ ሰው ይስማሽ!»

«እዚህ አይሆንም። ነይ ቤት ገብተን እንነጋገር፣ በሞቴ።»

«ፊርማሽ እኔ እጅ አለ። ተነብቧል።»

«ማነው ያነበበልሽ?»

«ልጄ ናታ።»

ያኔ እትዬ ፉጨት ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ የጠፋ መርፌ የምትፈልግ ይመስል ፊቴን ፈተሸችው። «በደንብ አይተሽዋል፣ ልጄ?»

«በደንብ ነው ያነበብኩት» አልኩ። ጆሮዬ ግሎ ነበር።

እናቴ ጄሪካኗን ባዶውን አነሳች። «ሐሙስ እዚያ እንዳላይሽ። የሞትኩ ዕለትም እንዳትመጪ።»

እትዬ ፉጨት ሰው በተሰበሰበበት መልስ ያጣችው ጥፋተኛ ስለሆነች ነው ብዬ አመንኩ። ያን ጠዋት ስንት ነገር አፏ ላይ መጥቶ እንደዋጠችው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዘይቱን ነገር ለምን እንዳመጣችው ብትናገር፣ የእናቴ ምስጢር ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፋብሪካ ይገባ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል ድምፅዋ መጣ። «ጸሐፊዋን ጠየቅኳት እኮ! ያልሽውን ነው የጻፍኩት አለችኝ! ትሰሚያለሽ?» እናቴ ሬዲዮኑን አስጮኸችው። እኔ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሬ፣ የእትዬ ፉጨት ጡጫ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ሲመታው ሰማሁ፤ አራተኛውን ስጠብቅ ሳይመጣ ቀረ።

ሐሙስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንግሊዝኛ ነበር። አስተማሪያችንን «ነጠላ ሰረዝ» እንለዋለን፤ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ይወስዳል። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ዴስኩ ላይ ተዘርሮ አገኘውና በእንግሊዝኛ ጮኸበት። ከጩኸቱ ውስጥ አንዲት ቃል ጆሮዬ ገባች፤ ላዪንግ።

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ምንም ሳይናገር እንዴት ዋሸ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ነጠላ ሰረዝ ግን ደስ አለው። «ጥሩ ጥያቄ፣ ነው» አለ። «ይህ ቃል፣ አንድ መልክ ያለው፣ ሁለት ቃል ነው።» ወደ ሰሌዳው ዞሮ ጻፈ። ላይ፣ ላይድ፣ ላይድ፤ መዋሸት። ከሥሩ፦ ላይ፣ ሌይ፣ ሌን፤ መጋደም። ከሥሩ ደግሞ፦ ሌይ፣ ሌይድ፣ ሌይድ፤ ማስቀመጥ፣ ማጋደም። «ዶሮ ከሆነች፣ እንቁላል መጣል» ብሎ ጨመረ። ልጆቹ እንደገና ሳቁ።

እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ። «ወለል ላይ ከሆነስ?»

«ወለል ላይ፣ ሰው ይጋደማል እንጂ፣ ይዋሻል እንዴ?»

«ስሊፕድስ? ተኛች አይደለም?»

«አዳለጣት።»

ዘይት ነበረ። አዳለጣት። በገባሁ ጊዜ ወለሉ ላይ ተጋድማ ነበር። ለአሥር ደቂቃ ያህል እዚያው ተጋድማ ቆየች። አራቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ፣ ሳልጠራቸው እየመጡ ፊቴ ቆሙ። ከእነሱ ውስጥ እናቴን የሚጎዳ አንድም ቃል አልነበረም።

ከሰሌዳው በላይ ያለው ሰዓት አራት ተኩል ይላል።

ሽንት ቤት ብዬ ወጣሁ። አጥሩ የተቀደደበትን እናውቀዋለን፤ ሽቦው ሹራቤን ይዞ ሲቀረው ጥዬው ሮጥኩ። ወደ ፋብሪካው ላቅና ነበር፤ ግን እኔን ማን ያስገባኛል? ቢያስገቡኝስ ማን ይሰማኛል? ወደ ቤት ታጠፍኩ።

እትዬ ፉጨት በሯ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች፤ ሳሙናው እስከ ክንዷ ደርሷል። የዚያን ዕለት ፈረቃዋ ወደ ከሰዓት በኋላ ተዛውሮ ነበር። ስታየኝ እጇ ቆመ።

«ምን ሆንሽ? ማን ነክቶሽ ነው?»

«ተሳስቼ ነው» አልኩ። ትንፋሼ አልበቃኝም። «ደብዳቤውን። ተጋድማ ነበር ነው የሚለው። አዳለጣት ነው የሚለው። እኔ ነኝ ስትዋሽ ነበር ያልኩት። አሥር ደቂቃ ዋሸች ያልኩትን ደግሞ … እሱን ከራሴ ነው የጨመርኩት።»

ጥፊ ጠበቅኩ። ፊቴንም አዘጋጀሁ። እሷ የያዘችውን ጨርቅ ቀስ ብላ ጨመቀችው፤ ውኃው መውረዱን ትቶ መንጠብ እስኪጀምር ድረስ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይሆናል።»

ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ብድግ አለች። «እናትሽ ዘይት አልነበረም ልትላቸው ነው እኮ!»

«ዘይት ነበረ አይደል?» አልኩ። ደብዳቤው ነበረ ይላል።

አልመለሰችልኝም። የሥራ መታወቂያዋን ከበሩ ምስማር ላይ አንስታ አንገቷ ላይ አጠለቀችና በሳሙናማ እጇ እጄን ይዛ ሮጠች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ፤ ዞራም አላየችው።

የፋብሪካው ዘበኛ «ፈረቃሽ አይደለም፣ ደግሞ በዚህ አለባበስ» አለ። «ዘወር በል አንተ ሰውዬ!» አለችው፤ ዘወር አለ። አንድ ረጅም ኮሪደር ገባን። የማሽኖቹ ጩኸት በወለሉ በኩል እግሬን ያንቀጠቅጠው ነበር። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው በር ገርበብ ብሎ፣ ከውስጥ የእናቴ ድምፅ ይሰማል። እንደዚያ ጮኻ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ዘይት የሚባል ነገር አልነበረም! አልደፋሁም፣ አልተኛሁም፣ አልዋሸሁም! እሷ ያለችው ሁሉ ፈጠራ ነው!»

አንድ የወንድ ድምፅ ረጋ ብሎ «እንግዲህ ምስክርሽን ራስሽ ካስተባበልሽ፣ እኛ ምን እናድርግልሽ?» አለ። ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

እትዬ ፉጨት ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ በሩን ገፍታ ገባች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።

የበሩ መስታወት ውስጡን የማያሳይ ነው። ጥላዎች ብቻ ይታዩኛል፦ የቆመች ጥላ፣ ሌላ የቆመች ጥላ፣ አምስት የተቀመጡ። መጀመሪያ ሁሉም በአንድነት ተናገሩ። ከዚያ አንዷ ብቻ ተናገረች። ከዚያ ከተቀመጡት አንዱ ጥላ አቀርቅሮ ይጽፍ ጀመር። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

መጀመሪያ የወጣችው እትዬ ፉጨት ናት። አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው የሥራ መታወቂያ የለም። ጫማ ሳታሟላ፣ በእርጥብ ቀሚስ ስለገባች የቀሟት መሰለኝ። ለብዙ ዓመታትም እንደዚያ ብዬ አምኜ ኖሬአለሁ።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ፣ ጠዋት ጠዋት ሳስመልስ ፀጉሬን ይዛልኝ ነው። ቅዳሜ ዕለት አላዳለጣትም፤ ራሷን ስታ ነው የወደቀችው። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆዳቸው የታየ ሴቶች ውላቸው ሳይታደስ እየቀረ ስለነበር ደብቃለች፤ ከእትዬ ፉጨት በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዘይቱን የፈጠረችው እትዬ ፉጨት ናት፤ እናቴን ሳታማክር፣ ተቆጣጣሪው ቆሞባት፣ በዚያች ቅጽበት የመጣላት ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ የዋሸች ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ናት፣ እሱንም ለእናቴ ብላ።

የዚያን ዕለትም ኮሚቴው ፊት ቆማ እንዲህ አለች፦ «ዘይት አልነበረም፤ ዘይቱ የኔ ፈጠራ ነው። እሷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ራሷን ስታ ወድቃ ነው ያገኘኋት። ይህንን ጻፉት። ስትጽፉም ልይ።» የሠራተኛው ተወካይ ጻፈው። አንዴ ቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ፣ ነፍሰ ጡር ሴትን ራሷን ስለሳተች የሚያባርር ደፋር አልተገኘም። እናቴን ወደ ማሸጊያ ክፍል፣ ተቀምጠው ወደሚሠሩበት አዛወሯት። ሐሰተኛ ቃል የሰጠችውን ግን እዚያው አሰናበቷት።

እኔ በትክክል አንብቤ ቢሆን ኖሮ እናቴ «አዎ፣ አዳልጦኝ ነው» ትል ነበር። ሁለቱም ሰኞ ማሽናቸው ላይ ይመለሱ ነበር።

ሦስታችንም ከግቢው ወጣን። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የእትዬ ፉጨት አንድ ባዶ እግር አስፋልቱ ላይ ያነክሳል። ብዙ ከሄድን በኋላ እናቴ ቆመች።

«እንደዚያ ብለሽ ከጻፍሽብኝ በኋላ ለምን መጣሽ?»

እትዬ ፉጨት አየችኝ። አንድ አፍታ ብቻ ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ እናቴ መልሳ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ጸሐፊዋ ናት የተሳሳተችው» አለች። «እኔ ያላልኩትን ጽፋ ነው። አሁን ተናግሬአታለሁ።»

እናቴ አመነች። ትከሻዋ ሲወርድ፣ ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ነገሩ አበቃ። ዝም ብል ኖሮ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር። እትዬ ፉጨት እጄን ጨበጥ አደረገችው፤ ዝም በይ ማለቷ ነው።

«ጸሐፊዋ አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«ተዪ አንቺ …» አለች እትዬ ፉጨት።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ቃሉን አላውቀውም ነበር።»

አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ በአጠገባችን አለፈ፤ የእናቴን ጋዋን አውለበለበው።

«በይ እንደገና አንብቢልኝ» አለች።

ወረቀቱ አልነበረንም። በቃሌ አልኩላት። ወለሉ ላይ ዘይት ነበረ። አዳለጣት። በገባሁ ጊዜ ወለሉ ላይ ተጋድማ ነበር። ለአሥር ደቂቃ ያህል እዚያው ተጋድማ ቆየች።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

እናቴ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ቧንቧው ጋ» አለች ከእጆቿ ሥር። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት … የሞትኩ ዕለትም እንዳትመጪ አልኳት።»

«አዎ ብለሻል» አለች እትዬ ፉጨት። «እኔም ልምጣ አልምጣ እያሰብኩበት ነበር። አሁን ተነሺ፤ እዚህም ተጋድማ ተገኘች ይሉሻል፣ እኔም ከእንግዲህ የምመሰክርበት ፋብሪካ የለኝም።»

እናቴ ሳቀች ይሁን አለቀሰች አላወቅኩም። ሁለቱም ነበር። እትዬ ፉጨት በብብቷ ገብታ አስነሳቻት፤ እንደተደጋገፉ ወደ ቤት ሄዱ፤ እኔ አንድ እርምጃ ወደኋላ ቀርቼ ተከተልኳቸው። ማንም አልገረፈኝም። ቢገርፉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ወንድሜ ተወለደ። እናቴ ወደ ሥራ ስትመለስ ያሳደገችው እትዬ ፉጨት ናት፤ ፋብሪካው ዳግመኛ አልቀጠራትም። የሰፈሩን ሕፃናት እየያዘች ኖረች፤ ወንድሜ ሁለቱንም «እማዬ» እያለ ነው አፉን የፈታው።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የምታስነብበኝ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ባለው ሳምንት ግን ከማሸጊያ ክፍሉ አንድ ወረቀት ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አነበብኩላት። ስጨርስ ወዲያው አልተቀበለችኝም።

«ያላወቅሽው ቃል አለ?» አለች።

አንገቴን ደፍቼ ሁለት መሆናቸውን ነገርኳት።

«የትኞቹ እንደሆኑ አሳዪኝ» አለችና ወንበሯን አስጠጋች።